ኮንትሮል ተይዟል ወይስ አልተያዘም? አማርኛ በሚጻፍበት ገጽ ላይ አቋራጭ ቁልፎችን በጃቫስክሪፕት ስለ መለየት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በጃቫስክሪፕት የአማርኛ ጽሑፍ ማዘጋጃ ገጽ እየሠሩ ነው። ኮንትሮልና ኤስ አብረው ሲጫኑ ጽሑፉ እንዲቀመጥ፣ ኮንትሮልና ዜድ ሲጫኑ የመጨረሻው ለውጥ እንዲሻር፣ ሺፍት ሲታከልበት ደግሞ የተሻረው እንዲመለስ ይፈልጋሉ። ያደረጉትም ቁጥሩ 17 የሆነ ቁልፍ ሲጫን «ኮንትሮል ተይዟል» የሚለውን ተለዋዋጭ እውነት ማድረግ፣ ሲለቀቅ ወደ ሐሰት መመለስ ነው። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ሲሞክሩት ይሠራል፤ በሊኑክስ ወደ አማርኛው ኪቦርድ ሲቀይሩ ግን ማስቀመጡን ያቆማል፤ አልፎ አልፎም ማንም ሳይነካው ኮንትሮል እንደተያዘ ይቆጥራል፤ ባልደረባቸው በሚሠሩበት ማክ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይሠራም። በመጨረሻም ይኸው ነገር በፓይተን ተርሚናል፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት የትእዛዝ መስኮት ላይ፣ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፤ ኢቨንት የምለው ቁልፍ ሲጫን ወይም ሲለቀቅ ብራውዘሩ ለገጹ የሚልከውን መልእክት ነው፣ ባሕርይ የምለውም በመልእክቱ ውስጥ ያለውን መረጃ ነው፤ የኢቨንቶቹንና የባሕርያቱን ስም ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ በኮድዎ ውስጥ ግን እንደተለመደው በላቲን ይግቡ።

ኮንትሮል ሳይነካ እንደተያዘ የሚቆጠርበት ችግር የሚመጣው፣ ብራውዘሩ በየጊዜው የሚነግርዎትን ነገር እርስዎ በራስዎ መዝገብ ለመያዝ በመሞከርዎ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አልት እንዲሁም በማክ ኮማንድ፣ በሌሎች ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ፣ እንደ ፊደል ቁልፎች በራሳቸው የሚጽፉት ነገር የላቸውም፤ ሥራቸው የሌላውን ቁልፍ ትርጉም መለወጥ ነው። ይህ ልዩነት ከሽቦው ይጀምራል። በዩኤስቢ የተያያዘ ኪቦርድ በመሠረታዊው አሠራር ለኮምፒውተሩ የሚልከው መልእክት 8 ባይት ርዝመት አለው፤ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ስድስት ባይቶች በዚያች ቅጽበት የተያዙትን ተራ ቁልፎች ይዘረዝራሉ፤ 2ኛው ባዶ ነው፤ 1ኛው ባይት ግን እንዳለ ለእነዚህ ቁልፎች የተተወ ሆኖ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቢት ይሰጣል፤ ግራ ኮንትሮል፣ ግራ ሺፍት፣ ግራ አልት፣ ግራ ዊንዶውስ ወይም ኮማንድ፣ ከዚያም የቀኙ አራት በዚያው ቅደም ተከተል። ስለዚህ ኪቦርዱ «ኤስ ተጭኗል» ሲል በዚያው እስትንፋስ «ኮንትሮልም ተይዟል» ይላል። ሁለቱ ተነጣጥለው ተልከው በኋላ መጋጠም ያለባቸው ወሬዎች አይደሉም።

ብራውዘሮችም ይህንኑ ጠብቀው ነው የሚሠሩት። ቁልፍ ሲጫን የሚመጣው «ኪዳውን» እና ሲለቀቅ የሚመጣው «ኪአፕ» ኢቨንት እያንዳንዳቸው «ኮንትሮልኪ»፣ «ሺፍትኪ»፣ «አልትኪ» እና «ሜታኪ» የሚባሉ አራት ባሕርያትን ይዞ ይመጣል፤ ዋጋቸው እውነት ወይም ሐሰት ነው፤ የሚናገሩትም ኢቨንቱ በተፈጠረበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ ነው። ኤስ ሲጫን በእጅዎ ያለውን ኢቨንት «ኮንትሮል ተይዞ ነበር?» ብለው ይጠይቁታል፤ ይመልስልዎታል፤ በቃ። የቁጥር 17ን ውጣ ውረድ የሚከታተለው ተለዋዋጭ አያስፈልግም፤ ያጥፉት።

ለምን አጥብቄ እንደምናገር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ማስገቢያ ገጽ ሠርቼ ነበር፤ አልትና ኬ ሲጫኑ የተመረጠው ረድፍ ይሰረዝ ነበር፤ እኔም እንደ እርስዎ አልት ሲጫን እውነት፣ ሲለቀቅ ሐሰት የሚሆን ተለዋዋጭ ነበረኝ። ጥቂት ሳምንት እንደሠራ «ስማቸው በኬ የሚጀምር ሰዎች ከመዝገቡ እየጠፉ ነው» የሚል ስልክ ተደወለልኝ። ሄጄ ከጸሐፊዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስሞቹን ከኤክሴል እያየች በላቲን ፊደል ወደ ገጹ ትገለብጣለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገረውም በአልትና ታብ ነው። አልትን ስትጫን ኢቨንቱ ለገጼ ደረሰ፤ ታብን ስትጨምር መስኮቱ ተቀየረና አልትን የለቀቀችው ኤክሴል ፊት ሆነ፤ ስለዚህ የመልቀቁ ወሬ ለገጼ ሳይደርስ ቀረ። ስትመለስ የእኔ መዝገብ አሁንም «አልት ተይዟል» ይላል። «ከበደ» ብላ ስትጀምር ረድፉ ብን ብሎ ጠፋ። ለአበበና ለሙሉጌታ ምንም ስላልሆነ ነበር ነገሩ ምሥጢር መስሎ የከረመው።

የእርስዎም ኮንትሮል በዚያው መንገድ ነው ተይዞ የሚቀረው፤ ተጠቃሚው ኮንትሮልን ይዞ ወደ ሌላ ታብ ሲሄድ ወይም የብራውዘሩ የራሱ መስኮት ከፊት ሲደቀን መልቀቁን ገጽዎ አያየውም። በዚያ ላይ 17 የግራውም የቀኙም ኮንትሮል ቁጥር ነው፤ ሁለቱንም ይዞ የነበረ ሰው አንዱን ሲለቅ የእርስዎ ተለዋዋጭ ሐሰት ይሆናል፣ «ኮንትሮልኪ» ግን በትክክል እውነት እንደሆነ ይቆያል። ማክ ላይ ጭራሽ ይብሳል፤ ኮማንድ ተይዞ ሳለ ሌላ ቁልፍ ቢጫንና ቢለቀቅ የዚያ ቁልፍ «ኪአፕ» አይመጣም። ጨዋታ የሚሠራ ሰው የትኞቹ ቁልፎች እንደተያዙ መዝግቦ ከመያዝ ላያመልጥ ይችላል፤ እርሱም ቢሆን መስኮቱ ትኩረት ሲያጣ በሚመጣው «ብለር» ኢቨንትና ኮማንድ በተለቀቀ ቁጥር መዝገቡን ባዶ ማድረግ ይኖርበታል። እርስዎ ግን ጨዋታ እየሠሩ አይደለም።

አሁን ወደ ትክክለኛው አጻጻፍ። «ኪዳውን»ን ያዳምጡ፤ «ኪአፕ» አይሁን፤ ምክንያቱም ብራውዘሩ ገጹን እንደ ፋይል ላስቀምጥ ወይ ብሎ የሚጠይቀውን መስኮት የሚከፍተው ቁልፉ ሲጫን ስለሆነ በሚለቀቅበት ጊዜ ልከልክል ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አቋራጩ የእርስዎ መሆኑን እንዳረጋገጡ ከሁሉ አስቀድመው ብራውዘሩ የራሱን ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክለውን «ፕሪቨንትዲፎልት»ን ይጥሩ፤ ወደ ሰርቨር ልከው መልስ ከጠበቁ በኋላ ቢጠሩት ጊዜው አልፏል። ጽሑፉን ማስቀመጥ ከዚያ ይቀጥላል። እዚህ ላይ «ሪፒት» የሚባለውንም ባሕርይ ይመልከቱ፤ ሰው ኮንትሮልና ኤስን ትንሽ ቆየት አድርጎ ከያዘ «ኪዳውን» ይደጋገማል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት «ሪፒት»ን እውነት አድርገው ይመጣሉ። ካላጣሩት ለአንድ ማስቀመጥ ሰርቨርዎን ደጋግመው ያንኳኳሉ። ለመሻር ግን መደጋገሙ ተጠቃሚው የሚፈልገው ነገር ነውና ይተዉት።

ኮንትሮልና ዜድ የመሻር፣ ኮንትሮል ሺፍት ዜድ የመመለስ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ «ኮንትሮል ካለና ፊደሉ ዜድ ከሆነ» ብቻ መሆን የለበትም፤ ሺፍት ሲታከልም ያው ቅድመ ሁኔታ ይሟላልና ለመመለስ የተጫነው ይሽራል። መኖር የሚገባቸው ቁልፎች መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን፣ መኖር የማይገባቸው አለመኖራቸውንም ይጠይቁ፤ ለመሻር ኮንትሮል እውነት፣ ሺፍት ሐሰት፣ አልት ሐሰት፣ ሜታ ሐሰት። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን አራቱን ባሕርያት ወደ አንድ ቁጥር የምትቀይር አጭር ፈንክሽን ጽፈው፣ ለሺፍት 1፣ ለኮንትሮል 2፣ ለአልት 4፣ ለሜታ 8 ደምረው፣ ድምሩ በትክክል 2 ነው ወይስ 3 ብለው ቢያነጻጽሩ ነገሩ በአንድ መስመር ያልቃል። ፊደሉን ሲያነጻጽሩ ደግሞ አስቀድመው ወደ ትንሹ የላቲን ፊደል ይቀይሩት፤ ሺፍት ሲያዝ ወይም ካፕስ ሎክ በርቶ ሲቀር የሚመጣው ትልቁ ዜድ ወይም ትልቁ ኤስ ሊሆን ስለሚችል።

ወደ አማርኛው ኪቦርድ ሲቀይሩ ማስቀመጡ ለምን እንደሚቆም ለመረዳት ግን ስለ ኮንትሮል ሳይሆን ስለ ኤስ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ጥያቄዎን ሳነብ የሳበኝም ይህ ክፍል ነው። ኢቨንቱ ስለ ተጫነው ቁልፍ የሚናገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። «ኪ» የሚባለው ባሕርይ ቁልፉ በተመረጠው ቋንቋ ምን እንደሚጽፍ ይናገራል፤ «ኮድ» የሚባለው ደግሞ ቁልፉ ኪቦርዱ ላይ የት እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ለመጠሪያነትም የአሜሪካውን ኪቦርድ አቀማመጥ ይጠቀማል። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ኤስን ሲጫኑ «ኪ» ትንሹን ኤስ ይሰጥዎታል። በሊኑክስ ያለው የአማርኛ አቀማመጥ ፊደላችንን በቀጥታ በቁልፎቹ ላይ ያስቀመጠ ስለሆነ ያንኑ ቁልፍ ሲጫኑ «ኪ» የሚሰጥዎት የግዕዝ ፊደል ነው፤ ኮንትሮል መያዙ ይህን አይለውጠውም። «ኮድ» ግን በሁለቱም ጊዜ ያው የኤስ ቦታ ነው። እርስዎ የሚያነጻጽሩት ከላቲኑ ኤስ ጋር ስለሆነ ኮንትሮሉ በትክክል ታይቶም ቢሆን ማስቀመጡ አይሠራም። በሩስያኛና በግሪክኛ ኪቦርድ የሚጽፉ ሰዎችም ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያውቅ «እንግዲያው በ‹ኮድ› ብቻ ላነጻጽር» ይላል። አይቸኩሉ። ጀርመን አገር የሚኖሩ ተጠቃሚዎች ገጽዎን በጀርመንኛ ኪቦርድ ይከፍቱታል ብለን እናስብ፤ በዚያ ኪቦርድ የዜድና የዋይ ቦታ ከአሜሪካው ተለዋውጧል። «ዜድ» የተጻፈበትን ቁልፍ ከኮንትሮል ጋር ሲጫኑ «ኮድ» የሚነግርዎት የዋይን ቦታ ነው፤ ስለዚህ መሻር የፈለገ ሰው፣ ኮንትሮልና ዋይን ለመመለስ መድበውት ከሆነ፣ ተቃራኒውን ያገኛል። በፈረንሳይኛው ኪቦርድ ደግሞ ኤ የሚገኘው የአሜሪካው ኪው ባለበት፣ ዜድ የሚገኘው ደብሊው ባለበት ነው።

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው፤ መጀመሪያ «ኪ»ን አያለሁ፤ የሰጠኝ ከኤ እስከ ዜድ ካሉት የላቲን ፊደላት አንዱ ከሆነ አምነዋለሁ፤ ሰውየው ቁልፉ ላይ ያነበበው እርሱን ነውና። የላቲን ፊደል ካልሆነ፣ ማለትም ግዕዝ፣ ቂርሎስ፣ ዐረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ከሆነ፣ ያኔ ብቻ ወደ «ኮድ» እሄዳለሁ። አማርኛ የሚጽፈው ሰው ፊት ያለው ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደል የታተመበት ስለሆነ በቦታ መመዘኑ የሚጠብቀውን ይሰጠዋል። ፍጹም ነው አልልም፤ በጀርመንኛ ኪቦርድ ላይ ወደ አማርኛ ቀይሮ የሚጽፍ ሰው ዜድና ዋይ ይምታቱበታል፤ ለእርሱ በገጹ ላይ የሚታይ የመሻሪያ አዝራር ይኑር።

ፊደላችን ስለ ሺፍትም ሌላ ቦታ የማይነገር ትምህርት አለው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች ሺፍት መያዙን ለማወቅ «ፊደሉ ትልቅ ከሆነ» የሚል አቋራጭ ሲጠቀሙ ያያሉ። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ «ጥ»ን ወደ ትልቅ ቀይርልኝ ቢሉት ጃቫስክሪፕት ያንኑ «ጥ» ይመልስልዎታል፤ ወደ ትንሽ ቢሉትም ያው ነው፤ ፊደሉን በሁለቱም አቅጣጫ ለውጦ ከራሱ ጋር የሚያነጻጽር ኮድ ሺፍት ተይዞም ሳይያዝም «እኩል ነው» ይላል። ነገር ግን ሺፍት ለእኛ ሥራ ፈት አይደለም። በላቲን ድምፅ ተመርቶ አማርኛ በሚጻፍባቸው በብዙዎቹ ስልቶች ትንሹ ቲ «ት»ን ሲሰጥ ከሺፍት ጋር «ጥ»ን ይሰጣል፤ ትንሹ ሲ «ች»ን፣ ከሺፍት ጋር «ጭ»ን። ሺፍት ፊደሉን ያሳደገው ሳይሆን ሌላ ፊደል ያደረገው ነው። ስለዚህ ሺፍትን ከፊደሉ መልክ አይገምቱ፤ «ሺፍትኪ»ን ይጠይቁ። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሺፍት ከፊደል ጋር ብቻውን ሲያዝ ምንጊዜም የአጻጻፍ ጉዳይ ስለሆነም፣ ሺፍትና አንድ ፊደልን ብቻ የያዘ አቋራጭ በጭራሽ አይመድቡ።

ካፕስ ሎክም እዚህ ላይ ይነሣል። እርሱ በአራቱ ባሕርያት ውስጥ የለም፤ «ጌትሞዲፋየርስቴት» በሚባለው የኢቨንቱ ፈንክሽን «ካፕስሎክ» ብለው ስሙን ሰጥተው ይጠይቁታል፤ ነም ሎክንና ስክሮል ሎክንም እንዲሁ። በምሥጢር ቃል ሳጥን ላይ «ካፕስ ሎክ በርቷል» ብሎ ማስጠንቀቅ የተለመደ ነው፤ በአማርኛ ማዘጋጃ ላይ ግን ጥቅሙ ይሰፋል፤ በድምፅ አጻጻፍ ስልት የሚሠራ ሰው ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ «ት» ያለው ሁሉ «ጥ» ሊሆንበት ይችላልና ከጽሑፉ ግርጌ ትንሽ ምልክት ማሳየቱ ውለታ ነው። አንድ ጥንቃቄ፤ ብራውዘር የተቀመጠ ስምና የምሥጢር ቃል በራሱ ሲሞላ «ኪዳውን» የሚል ስም ያለው፣ ነገር ግን የኪቦርድ ባሕርያት የሌሉት ኢቨንት ሊልክ ይችላል፤ በእርሱ ላይ ይህን ፈንክሽን ቢጠሩ ስሕተት ይነሣል፤ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ይጥሩት።

እስካሁን የተናገርኩት ፊደሉ በቀጥታ በቁልፉ ላይ ስላለበት ኪቦርድ ነው። በመካከል ገብቶ የተጫኑትን ቁልፎች አጠራቅሞ ፊደል የሚሠራ የማስገቢያ ፕሮግራም ሲኖር ነገሩ ይለያል። ፕሮግራሙ ቁልፉን ለራሱ ሲወስድ በብዙ ብራውዘር «ኪ» ፊደል መስጠቱን ትቶ «ፕሮሰስ» የሚል ቃል ይሰጣል፤ የድሮው የቁልፍ ቁጥር «ኪኮድ» ደግሞ 229 ይሆናል፤ ፊደሉ ተሠርቶ እስኪያልቅም «ኢዝኮምፖዚንግ» እውነት ሆኖ ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሚመጣ ቁልፍ የእርስዎ ሳይሆን የማስገቢያው ፕሮግራም ነው፤ ፈንክሽንዎ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ኢዝኮምፖዚንግ» እውነት ከሆነ ወይም «ኪኮድ» 229 ከሆነ ምንም ሳይነካ ይመለስ። ሁለቱን አብሬ የምጠይቀው ሳፋሪ ፊደሉ ተሠርቶ ማለቁን ከቁልፉ ኢቨንት አስቀድሞ ስለሚናገር ነው፤ በዚያች የመጨረሻ ቁልፍ ላይ «ኢዝኮምፖዚንግ» ሐሰት ሆኖ 229 ብቻውን ይቀራል። «ኪኮድ» አርጅቷል፣ አትጠቀሙበት የሚባለው እውነት ነው፤ እኔም ለዚህች አንዲት ነገር ብቻ ነው ያስቀረሁት።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም፤ አንድሮይድ ላይ በስክሪን ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 229 እና «አይታወቅም» የሚል ትርጉም ያለው «ኪ» ብቻ ነው የሚልክልዎት፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሺፍትም በ«ሺፍትኪ» አይታይም። ለስልክ አዝራር ያስቀምጡ።

ባልደረባዎ ማክ ላይ ያልሠራላቸው ማክ ላይ ለማስቀመጥ የሚጫኑት ኮማንድና ኤስን ስለሆነ ነው፤ ኮማንድ የሚታየው በ«ሜታኪ» ነው። እዚህ ላይ የሚቀናው መፍትሔ «ኮንትሮል ወይም ሜታ» ብሎ ሁለቱንም መቀበል ነው፤ እኔ አልመክረውም። ማክ ላይ ኮንትሮልና ኤ ወደ አንቀጹ መጀመሪያ፣ ኮንትሮልና ኢ ወደ መጨረሻው ይወስዳሉ፣ ኮንትሮልና ኬ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ያለውን ያጠፋሉ፤ ይህን የለመደ ጸሐፊ ቁልፎቹን ሲነጥቁበት ይናደዳል። ገጹ ሲከፈት አንድ ጊዜ ማሽኑ ማክ መሆን አለመሆኑን ይወቁና ዋናውን ቁልፍ ይወስኑ፤ ማክ ከሆነ ሜታ፣ ካልሆነ ኮንትሮል። ማክ ላይ ኦፕሽን ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ «አልትኪ» ነው፤ እርሱም ፊደል ይለውጣል፤ በአሜሪካው አቀማመጥ ኦፕሽንና ኤስ ሲጫኑ «ኪ» የሚሰጠው ኤስን ሳይሆን የጀርመንኛውን ድርብ ኤስ ነው።

ኮንትሮልና አልትን አንድ ላይ የያዘ አቋራጭም አይመድቡ። በብዙ የአውሮፓ ኪቦርዶች ቀኝ አልት «አልት ግራፍ» ይባላል፤ ሦስተኛውን የፊደል ረድፍ የሚከፍት ቁልፍ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እርሱን ኮንትሮልና አልት አብረው እንደተያዙ አድርጎ ነው የሚመለከተው። ከዓመታት በፊት አንድ የታወቀ የጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ፖላንዳውያን ጭረት ያለበትን የራሳቸውን ኤስ መጻፍ አቅቷቸው ነበር። ምክንያቱም ገጹ ኮንትሮልና ኤስ ሲጫኑ የብራውዘሩ ማስቀመጫ እንዳይከፈት ይከለክል ነበር፤ ያ ፊደል ደግሞ የሚጻፈው በቀኝ አልትና በኤስ ነው። ገጹ ኮንትሮልን አየ፣ ኤስን አየ፣ ፊደሉን ዋጠው። ከላይ «አልት ሐሰት መሆኑን ይጠይቁ» ያልኩት ከዚህ ጭምር ይጠብቅዎታል።

አንዳንድ ቁልፎች ግን ምንም ቢያደርጉ የእርስዎ አይሆኑም። ክሮም ኮንትሮልና ደብሊውን፣ ኮንትሮልና ቲን፣ ኮንትሮልና ኤንን በተራ ታብ ውስጥ ለገጽ አይሰጥም፤ «ፕሪቨንትዲፎልት» አይመልሳቸውም። አዲስ ሰነድ ለመክፈት ኮንትሮልና ኤንን አስበው ከሆነ ሌላ ይምረጡ።

አራቱ ባሕርያት በመዳፊት ኢቨንቶችም ላይ አሉ፤ ኮንትሮል ተይዞ ክሊክ ሲደረግ ለማወቅ ያንኑ «ኮንትሮልኪ» ይጠይቃሉ። ይህ ያልታሰበ ጥቅምም አለው፤ ጃቫስክሪፕት ያለ ኢቨንት «አሁን ሺፍት ተይዟል?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ሺፍት ሲያዝ በገጹ ላይ ፍንጭ የሚያሳይ ሰው ከኪቦርዱ ብቻ ሳይሆን ከመዳፊቱ እንቅስቃሴም እያነበበ ቢያድሰው፣ ከሌላ መስኮት ሲመለስ ተሳስቶ የቀረ ፍንጭ መዳፊቱ ንቅንቅ ሲል ይታረማል። የማንከባለያው «ዊል» ኢቨንት ግን አንድ ጉድ አለው፤ በላፕቶፕ የመዳሰሻ ሰሌዳ ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማጉላት ሲደረግ ብዙ ብራውዘሮች ማንም ኮንትሮልን ሳይነካ «ኮንትሮልኪ»ን እውነት አድርገው ይልኩታል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ኮንትሮልን ይዞ ማንከባለል ማጉላት ስለሆነ ቆንጥጦ ማጉላትንም በዚያው በር አስገቡት። ባሕርይው ይዋሻል የምልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ወደ ፓይተን ተርሚናል ስንመጣ መልሱ «በዚህ መልክ አይቻልም» ነው፤ ምክንያቱም ተርሚናል ለፕሮግራምዎ የሚሰጠው ባይት እንጂ ቁልፍ አይደለም። ኮንትሮል ሲያዝ ከፊደሉ ቁጥር የታችኛዎቹ 5 ቢቶች ብቻ ይቀራሉ፤ ትልቁ ኤስ 83 ነው፣ ትንሹ 115 ነው፤ ሁለቱም 19 ይሆናሉ። ሺፍት መያዙ በዚያው ጠፋ ማለት ነው፤ ኮንትሮል ሺፍት ዜድና ኮንትሮል ዜድ በተለመደው ተርሚናል ላይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም 26። ኮንትሮልና አይ 9 ስለሚሰጡ ከታብ አይለዩም፤ ኮንትሮልና ኤም ደግሞ 13 ስለሚሰጡ ከኢንተር አይለዩም። አልት ራሱን የቻለ ምልክት የለውም፤ ብዙ ተርሚናሎች ከፊደሉ አስቀድመው የኤስኬፕን 27 በመላክ ይገልጹታል። ለማስቀመጫ ያሰቡት 19 ደግሞ በዩኒክስ ተርሚናሎች ከጥንት ጀምሮ «መላክ አቁም» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ተጠቃሚዎ ሊያስቀምጥ ሲጫነው ስክሪኑ ይደርቅና ፕሮግራሙ የሞተ ይመስለዋል፤ የሚፈታውም ኮንትሮልና ኪው ሲጫኑ በሚላከው 17 ነው። ቁጥሩ ከእርስዎ የኮንትሮል 17 ጋር መገጣጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው።

በፓይተን መስኮት ያለው ፕሮግራም መሥራት ከቻሉ ግን ቲኪንተር የሚባለው የፓይተን የመስኮት መሥሪያ የሚሰጠው ኢቨንት «ስቴት» የሚባል ቁጥር አለው፤ የሺፍት ቢት 1፣ የካፕስ ሎክ 2፣ የኮንትሮል 4 ነው፤ ቁጥሩን ከ4 ጋር በቢት ማነጻጸሪያው «እና» አጋጥመው ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ኮንትሮል ተይዟል። ከአልት ጋር ሲደርሱ ቁጥሩ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ስለሚለያይ በሦስቱም ላይ እያተሙ ይመልከቱት። በተርሚናሉ ላይ ከቀጠሉ ደግሞ ማስቀመጫውን ከኮንትሮልና ኤስ አንሥተው ለኮንትሮልና ኦ ይስጡት፤ 15 ይመጣልዎታል።